የሃይድ ፊት ከየት ይመጣል? የጄኪልና የሃይድ ታሪክ በፊልም፣ ከጋፋት ሲታይ

መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመመረቂያ ዓመት ተማሪ የፊልም ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። ሥራው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ወደ አገራችን ያመጣ ውርስ ነበር። የለንደኑ ሐኪም በጋፋት የሚኖር ባለ እጅ ሆኗል። ቀን ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ ሌሊት አንድ ሥር በጥብጦ ይጠጣና ጅብ ይሆናል። ዘመኑ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያሠሩበት ዘመን ነው። ጽሑፉ ጥሩ ቃለ ተውኔት ነበረው፤ ትዕይንቶቹም ዓይን ይይዛሉ። እኔም ሳላመነታ አመሰገንኩት፤ በክፍል ውስጥ እንዲነበብም አደረግሁ።

ንባቡ ሲያበቃ ክፍሉ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ግን አላጨበጨበም። በማግሥቱ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ የኔ አባት ማረሻ ቀጥቃጭ ነው። ትናንት የተነበበው ስለ እኛ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር ሳይጨምር ወጣ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ በጊዜው ልሰጠው ያልቻልኩት መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጥያቄው ግን ከአንድ ክፍል ውስጥ ክስተት ሰፋ ያለ ነው። ይኸውም አንድ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም፣ ከአንድ ባህል ወደ ሌላ ባህል ሲሻገር ምን ይዞ ይሄዳል? ምን ጥሎ ይሄዳል? በተለይም ጸሐፊው ሆን ብሎ ባዶ የተወውን ቦታ ወራሹ በምን ይሞላዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ በመጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ ከእሱ የተወለዱትን ዋና ዋና ፊልሞች፣ በመጨረሻም የጋፋትን ባለ እጆችና ስለ እነሱ የሚነገረውን ትረካ እንመለከታለን።

መጽሐፉ የሚደብቀው

ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1850 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤደንበርግ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1894 በሳሞአ ደሴት ያረፈ ደራሲ ነው። ይህን አጭር ልቦለድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1885 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በቦርንማውዝ በሕመም ላይ ሳለ ነበር። መጽሐፉ በጥር 1886፣ በእኛ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታተመ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

ታሪኩን በፊልም ብቻ የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት ግር ይለዋል። ሐኪሙ መድኃኒት ሲቀምም፣ ሲጠጣና ሲለወጥ የሚታይበት ትዕይንት ከፊት የለም። ከፊት የሚገኘው አተርሰን የሚባል ዝምተኛ የሕግ ሰው ነው። አተርሰን በአንድ የኋላ ጎዳና ላይ ቀለሙ የተላላጠ በር ያያል። በዚያ በር የሚገባና የሚወጣ ሃይድ የተባለ ሰው አንዲት ትንሽ ልጅን ረግጦ እንዳለፈ ይሰማል። ሃይድ ለካሳ ያመጣው ቼክ በተከበረው በዶክተር ጄኪል የተፈረመ መሆኑንም ያውቃል። አተርሰንም አንባቢውም የሚጠረጥሩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ወራዳ የጄኪልን የወጣትነት ጥፋት ይዞ ገንዘብ ያስከፍለዋል ብለው ያስባሉ። መጽሐፉ አሥር ምዕራፎች አሉት። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው መሆናቸው የሚገለጠው በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ማለትም በሐኪሙ በላንየን ደብዳቤና በራሱ በጄኪል ኑዛዜ ውስጥ ነው። ስምንቱ ምዕራፎች ከውጭ ሆነው ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ከውስጥ ሆነው ይናገራሉ።

ጸሐፊው የደበቀው ሁለተኛ ነገር የሃይድ ፊት ነው። ሃይድን ያዩ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በሰውየው ላይ የተበላሸ ነገር አለ። የተበላሸው ምን እንደሆነ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። ከጄኪል ያነሰ፣ ከሱ በዕድሜ ወጣት፣ መልኩ የገረጣ ነው፤ የጄኪል ልብስ ይሰፋዋል። ከዚህ አልፎ «አፍንጫው እንዲህ ነው፣ ዓይኑ እንዲህ ነው» የሚል ገለጻ አናገኝም። ይህ ባዶ ቦታ የአተራረክ ድክመት አይደለም። አንባቢው ባዶውን በራሱ እንዲሞላው፣ ሲሞላውም የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ራሱን እንዲጠይቅ የተተወ ነው። እውነት ለመናገር ስቲቨንሰን ባዶውን ሙሉ ለሙሉ አልጠበቀውም። የሃይድ እጅ ጠጉራም እንደሆነ ይነግረናል፤ ሃይድ አዛውንቱን ሰር ዳንቨርስ ካሩን ሲገድል ቁጣውን በዝንጀሮ ቁጣ ይመስለዋል። ዳርዊን በሰው አፍ በነበረበት ዘመን የተዘሩት እነዚህ ሁለት ዘሮች በኋላ በፊልሞቹ ውስጥ በቅለው እናገኛቸዋለን።

ሦስተኛው ነገር ቤቱ ነው። የጄኪል ቤት ሁለት በር አለው። የፊቱ በር በተከበረ አደባባይ ላይ ይከፈታል፤ የኋላው የተላላጠ በር የዚያው ቤት ቤተ ሙከራ ነው። አውሬው ከሩቅ አገር ወይም ከድሆች ሠፈር የመጣ ሳይሆን ከዚያው ከተከበረው ቤት በጓሮ በኩል የወጣ ነው። የመጽሐፉን ጭብጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር ብባል ይህንኑ እላለሁ።

ከመድረክ ወደ ፊልም

ብዙ ጊዜ ፊልሞቹ ከመጽሐፉ የተወለዱ ይመስለናል። ይሁንና በመካከል አንድ አያት አለ፤ እሱም ተውኔቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ቶማስ ራስል ሱሊቫን የተባለ ጸሐፊ ታሪኩን ወደ ተውኔት ለውጦት በቦስተን ከተማ ታየ። ሪቻርድ ማንስፊልድ የተባለ ተዋናይ ሁለቱንም ገፀ ባሕርያት ተጫወተ። በመብራትና በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ በተመልካች ፊት ይለወጥ ስለነበር ዝናው ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ ሲታይ በኋይትቻፕል ሠፈር ሴቶች በተከታታይ የሚገደሉበት ጊዜ ሆነና ሕዝቡ የመድረኩን አውሬና የጎዳናውን ገዳይ በአንድ አፍ ያነሣቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ የተሠራው የመጀመሪያው ፊልም የተቀዳውም ከመድረክ ሲሆን ቅጂው ዛሬ የለም።

ከመድረኩ የተወረሱት ለውጦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ምሥጢሩን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ማምጣት ነው። ተመልካች ተዋናዩ ሲለወጥ ለማየት ከፍሎ ስለሚገባ ምሥጢሩን ማቆየት አይቻልም። በዚህም ምክንያት የአተርሰን ፍለጋ ይጠፋል፤ ታሪኩ «ሃይድ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ጄኪል መቼ ይያዛል?» ይሆናል። ሁለተኛው ሴቶችን ማስገባት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶች በዳር የሚያልፉ ናቸው። ሱሊቫን ለጄኪል እጮኛ ሰጠው። ፊልሞቹ ደግሞ በሌላው ወገን የመጠጥ ቤት ሴት ጨመሩና እጮኛይቱ ለጄኪል፣ የመጠጥ ቤቷ ሴት ለሃይድ ሆኑ። በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያልወጣለት ኃጢአት በፊልሙ ውስጥ የሥጋ ምኞት ብቻ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛውና ለእኛ ጉዳይ ዋናው ለውጥ ፊት ነው። ካሜራ ባዶ ፊት ማሳየት አይችልም። «ሊነገር የማይችል ነገር ነበረበት» የሚለው ሐረግ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ በሸራ ላይ ግን አንድ አፍንጫ፣ አንድ ጥርስ፣ አንድ የቆዳ ቀለም መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው የሚመጣው ደግሞ ሠሪው ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ነው።

የሃይድ ፊቶች

እ.ኤ.አ. በ1920 በጆን ሮበርትሰን አዘጋጅነት በተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ጆን ባሪሞር የመጀመሪያውን ለውጥ በአብዛኛው ፊቱን በማጣመምና ሰውነቱን በማንቀጥቀጥ ተጫወተው። ቀጥሎ ግን ሾጣጣ ራስና ረዣዥም ጣቶች ተጨመሩለት። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሙርናው ስሞቹን ለውጦ የሠራው ፊልም ጠፍቶ ቀርቷል።

ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የሩበን ማሙሊያን ፊልም ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ካሜራው የጄኪል ዓይን ሆኖ ነው፤ ተመልካቹ ፊቱን የሚያየው መስታወት ፊት ሲቆም ነው። የለውጡ ትዕይንት የተሠራበት ዘዴ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግረው ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለምን በብርሃን መጠን ብቻ ነው የሚለየው። በተዋናዩ በፍሬድሪክ ማርች ፊት ላይ በቀለም መስመሮች ተሠሩ። በካሜራው ፊት ተመሳሳይ ቀለም ያለው ማጣሪያ መስታወት ሲደረግ መስመሮቹ አይታዩም፤ ማጣሪያው በሌላ ቀለም ሲተካ ቀስ በቀስ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ፊቱ ሳይቆራረጥ በተመልካቹ ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል። ክፋቱ ቀድሞውኑ ፊቱ ላይ ነበረ፤ የተለወጠው የምናይበት መስታወት ነው። ስቲቨንሰን ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ለውጡ ሲጠናቀቅ ማርች ወጣ ያሉ ጥርሶች፣ ሰፊ አፍንጫ፣ ዝቅ ያለ ግንባር፣ ጠጉራም ፊት ይዞ ይቆማል። ማሙሊያን የጥንቱን የዋሻ ሰው ማሳየት ፈልጌ ነው ብሏል። ነገር ግን ይህ «የጥንት ሰው» በዚያ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች አፍሪካዊውንና ድኻውን አይርላንዳዊ ለማዋረድ ይሥሉት ከነበረው ሥዕል ጋር ዘመድ ነው። መጽሐፉ አውሬው በተከበረው ቤት ጓሮ ውስጥ እንዳለ ሲናገር፣ የፊልሙ ፊት ግን አውሬው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሕዝብ መልክ እንዳለ ይጠቁማል። ማርች በዚህ ሥራው የአካዳሚ ሽልማት ማግኘቱ ፊቱን በዓለም አእምሮ ውስጥ አጸናው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሠሪዎች ከዚህ ፊት ጋር ሲሟገቱ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1941 በቪክቶር ፍሌሚንግ ፊልም ስፔንሰር ትሬሲ በጥቂት ቅባት ብቻ ሃይድን ተጫወተ፤ ክፋቱን በአስተያየቱ ለማሳየት ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1960 የእንግሊዙ ሐመር ኩባንያ ነገሩን ገለበጠውና ጄኪል ጢማምና ደብዛዛ፣ ሃይድ ደግሞ መልከ መልካም ወጣት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጥቁር አሜሪካዊው አዘጋጅ ዊልያም ክሬን በሠራው ፊልም ጥቁሩ ሐኪም መድኃኒቱን ሲወስድ የሚለወጠው ወደ ነጭ ነው። ፊልሙ በጥበቡ ከፍተኛ ነው ባልልም ጥያቄው ግን የሰላ ነው፤ «አውሬ ሲባል ለምን የኔ ፊት ይታያችኋል?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የስቲቨን ፍሪርስ ፊልም ደግሞ ከቫለሪ ማርቲን ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን ታሪኩን በጄኪል ቤት አገልጋይ በሜሪ ራይሊ አንፃር ይተርካል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ፊቱ ምን ይመስላል ሳይሆን የሚያየው ማን ነው የሚል ሆኗል።

ጋፋትና ባለ እጆቹ

አሁን ወደ እኛው ደጋ እንመለስ። ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ኮረብታማ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞቻቸውን ያሰፈሩት እዚህ ነበር። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩና በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በጎባት አማካይነት የተላኩ ነበሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነሱ መካከል ናቸው። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ ንጉሡ ግን መድፍ ፈለጉባቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ እዚህ ቀልጦ ተሠራና በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ገባ። ዛሬም እዚያው አለ። አብረዋቸው ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ ብረት ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ስም ግን በመጻሕፍት እምብዛም አይገኝም።

ይህ የስም መጥፋት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማራው ደጋ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ለዘመናት ተፈላጊም የተናቀም ሆኖ ኖሯል። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎችም የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ነበሩ። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው የሕይወት ታሪኩ በጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበትን ጅብ ወሬ ጽፏል፤ ጉትቻው ጅቡ ቀን ሰው ለመሆኑ ማስረጃ ነበር። ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ከዚህ ንቀት አላመለጡም። ባላንጣዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ሲሏቸው የሰደቡት የእናታቸውን ሙያ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ያመለክታል።

ይህን እንደ ሩቅ ታዛቢ ብናገር ቅጥፈት ይሆናል። በልጅነቴ የመንደራችን ማረሻ የሚበጀው በአንድ ቀጥቃጭ እጅ ነበር። በየዓመቱ ከአውድማ እህል ይሰፈርለታል። ወደ ግቢያችን ሲመጣ ግን እናቴ ቶሎ ብላ «ምሳችሁን ሸፍኑ!» ትለን ነበር። እኛም እንጀራችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ሰውየው ይህን እያየ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ማረሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከቤታችን ገብቶ ሲበላ አንድም ቀን አላየሁም።

ሁለቱ ትረካዎች ሲነጻጸሩ

የጄኪል ታሪክና የቡዳው ትረካ በቅርጻቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ቀን ሌላ፣ ሌሊት ሌላ የሚሆን ሰው አላቸው። ሁለቱም የሚለውጥ ነገር አላቸው። ሁለቱም ምልክት አላቸው፤ እዚያ የጄኪልና የሃይድ የእጅ ጽሑፍ ዘንበል ከማለቱ በቀር አንድ መሆኑ፣ እዚህ በጅቡ ጆሮ ላይ የቀረው ጉትቻ። ተማሪዬ ሁለቱን ማገናኘቱ ስለዚህ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ጥሩ ጆሮ እንዳለው ያሳያል።

ልዩነታቸው በአቅጣጫቸው ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ የሚለወጠው ማን ነው? ጄኪል ሀብታም፣ የተማረ፣ የተከበረ ነው፤ ታሪኩ ከላይ ያለውን ሰው ይመረምራል። የቡዳው ትረካ ግን ከታች ያለውን ሰው ይከስሳል። ሁለተኛ፣ የሚናገረው ማን ነው? የጄኪል የመጨረሻ ቃል በራሱ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ነው። በቡዳው ትረካ ውስጥ ባለ እጁ አይናገርም። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ሲለፈልፍ ዘመዶቹ «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም በበሽተኛው አፍ ይመጣል። ኑዛዜው የባለ እጁ ነው ይባላል፣ አፉ ግን የሌላ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የጄኪል ጥፋት የአንድ ሰው ጥፋት ነው። የቡዳ ክስ ግን በዘር ይወርዳል፤ ልጅም የአባቱን ክስ ይወርሳል።

በዚህ ረገድ ስቲቨንሰን በልጅነቱ የሰማው የኤደንበርግ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ዊልያም ብሮዲ የተባለ ዕውቅ አናጢ ቀን የሙያ ማኅበሩ አለቃና የከተማው ምክር ቤት አባል ነበር፤ ሌሊት ቤት ሰርሳሪ። እ.ኤ.አ. በ1788 ተሰቀለ። ስቲቨንሰን ከወዳጁ ከሄንሊ ጋር ስለ እሱ ተውኔት ጽፏል። እንግዲህ ሁለት ሕይወት የነበረው እውነተኛ ባለ እጅ ኤደንበርግ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም በዚህ ሰበብ የኤደንበርግ አናጢ ሁሉ ሌባ ነው ያለ፣ የአናጢንም ልጅ ማግባት የተጸየፈ አልነበረም። አንዱ ሰው በሠራው አንዱ ተሰቀለ።

የሰው ሁለትነት በባህላችን በሌላ መንገድም እንደሚገለጽ መዘንጋት የለበትም። በዛር እምነት ሁለተኛው ማንነት ከውጭ የሚመጣ ነው። ስም አለው፣ ልብስ ይመረጥለታል፣ ጠባዩ ይታወቃል፤ ያደረበት ሰው ፈረሱ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር የቆየው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ይህን ሥርዓት ከቲያትር ጋር አያይዞ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 መጽሐፍ አሳትሟል። ጄኪል ሁለተኛውን ማንነቱን ደብቆ በእሱ ሲጠፋ፣ የዛሩ ፈረስ በሰው ፊት ያወጣዋል፣ ይደራደረዋል፣ አብሮት ይኖራል። ለውርስ ጸሐፊ ይህ ከጅቡ ይልቅ የሰፋ በር ይመስለኛል።

«አሉ» የሌለው ጥበብ

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥብ እንደርሳለን። ተማሪዬ አንድ ክርክር ነበረው፤ «መምህር፣ ትረካው እኮ በሕዝቡ ዘንድ ያለ ነው። እኔ አልፈጠርኩትም» አለኝ። ልክ ነው። ታዲያ በአፍ ሲነገር የኖረ ነገር በፊልም ሲታይ ምን አዲስ ጉዳት ያመጣል?

መልሱ በቋንቋችን ውስጥ አለ። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወራ «ጅብ ይሆናል አሉ»፣ «ይባላል»፣ «ሲሉ ሰምቻለሁ» ይላል። እነዚህ ጥቃቅን ቃላት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ተናጋሪውን ከምስክርነት ያወጡታል፤ ለሰሚውም የጥርጣሬ ቀዳዳ ይተዉለታል። ፊልም ግን «አሉ» የለውም። ካሜራው ቀጥቃጩን ያሳያል፣ ሥሩን ሲጠጣ ያሳያል፣ ጀርባው ሲጎብጥና ጠጉር ሲያወጣ ያሳያል። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ የሰማ አይደለም፤ ያየ ነው። ለዘመናት ወሬ ሆኖ የኖረው ክስ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የዓይን ምስክር ያገኛል። ምስክሩን ደግሞ ማንም መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቀውም።

የማሙሊያን ፊልም በጥቁሩ ሰው ላይ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ክፉ ሐሳብ ኖሮት ሳይሆን ባዶውን ፊት በዘመኑ በቅርብ ባገኘው ሥዕል ሞላው። ተማሪዬም እንዲሁ። ጽሑፉን ያመሰገንኩት እኔም እንዲሁ።

ይህን ስል ደራሲ ጅብን፣ ቡዳን፣ ቀጥቃጭን አይንካ ማለቴ አይደለም። የሥነ ቃል ሀብታችን ለጥበብ የተዘጋ ሊሆን አይገባም፤ ደራሲን በክልከላ ማስተማር አይቻልም። ማለት የምፈልገው ወራሹ ከመውረሱ በፊት ርስቱ ላይ ማን እንደሚኖር ይጠይቅ ነው። ለጄኪል ታሪክ ታማኝ መሆን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው የሚለወጥ ሰው ብቻ ሳይሆን መልካም ስሙ የሚሸፍነው ሰው ነው። የእኛ ጄኪል ባለ እጁ ሊሆን አይችልም፤ ባለ እጁ የሚሸፍነው መልካም ስም ማኅበረሰቡ መች ሰጠውና! የእኛን ጄኪል ባለ ርስቱ፣ ሹሙ፣ የደብሩ አለቃ፣ ምናልባትም መምህሩ መካከል መፈለግ ይሻላል።

ከዚያም አልፎ ልንሄድ እንችላለን። ቀን ማረሻውን ለቀጥቃጩ የሚሰጥ፣ ሌሊት ቀጥቃጩን ጅብ ነው የሚል መንደር ራሱ ሁለት ፊት የለውምን? የዕለት እንጀራውን ያለዚያ ሰው እጅ አያገኝም፤ እንጀራውን ግን ከዚያ ሰው ዓይን ይሸፍናል። ለጋፋት የሚሆን ሃይድ ካለ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የሃይድ ፊት ባዶ ሆኖ ቢቀር፣ ጅቡም ከሩቅ ከመጮህ በቀር ባይታይ፣ ካሜራውም እንደ አተርሰን በር በር እያንኳኳ ወሬው ከማን እንደ ተነሣ ቢፈልግ፣ ታሪኩ ወደ ስቲቨንሰን ይበልጥ ይቀርባል፤ ለእኛም ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ስቲቨንሰን የሃይድን ፊት ባዶ ተወው፤ መድረኩና ፊልሙ በሥራቸው ጠባይ ምክንያት ሊሞሉት ተገደዱ። የሞሉበት ነገር ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ሠሪዎቹ ማኅበረሰብ ይናገራል። ታሪኩን ወደ ጋፋት ስናመጣው ባዶው ቦታ እኛንም ይጠብቀናል፤ ያለ ጥያቄ ከሞላነው በቅርብ የሚገኘው የተናቀው ጎረቤታችን ፊት ነው። የውርስ ትርጉም ትምህርት ቃላትንና ስሞችን በአገርኛ ከመተካት አልፎ ይህን ጥያቄ መጨመር ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ለፊልሙ ጸሐፊ ነገርኩት። በመጀመሪያ ከፋው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሁለተኛ ረቂቅ ይዞ መጣ። በዚህኛው ጅቡ አይታይም። ረቂቁ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ መጨረሻውም ይላላል። ዝምተኛውን ተማሪ ጠርቼ ፈቃድህ ከሆነ አንብበው አልኩት። ወስዶ አነበበና አንድ ገጽ ላይ ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጎ መለሰልኝ። ምልክቱ ያለው ቀጥቃጩ በአንድ እጁ ወናፍ እየነፋ በሌላው መዶሻ ያነሣል በሚለው ቦታ ላይ ነበር።

«ይህ አይሆንም መምህር» አለኝ። «ወናፍ የሚነፋው ሌላ ሰው ነው። ሁለት አቁማዳ ነው፤ አንዱ ሲሞላ አንዱ ይጫናል፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እኛ ቤት የምነፋው እኔ ነበርኩ።»

ጸሐፊው ያን ገጽ አረመው።